እናቴ መንገድ ላይ ውሃ አልጠጣም አለች

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው በርሚንግሃም ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ እኔ ጋ ናት። 68 ዓመቷ ነው። ስኳርና ደም ግፊት አለባት፤ የግፊቷ ኪኒን ደግሞ ቶሎ ቶሎ ያሸናታል። ጉልበቷንም ያማታል። በቀደም ኮትስዎልድስ ወስጃት አንዲት መንደር ስንደርስ ሽንት ቤቱ ተቆልፏል። ክፍት ሆኖ ያገኘነው መጠጥ ቤት ብቻ ነው። «በፍልሰታ መሸታ ቤት አልገባም» ብላ እምቢ አለች። ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አሁን ዊንደርሚር ሐይቅን ላሳያት አስቤ ነበር፤ እሷ ግን «ከሄድን ከጠዋት ጀምሮ ውሃ በአፌ አይዞርም» ትላለች። ወንድሜ ደግሞ «ሀገሩ ሁሉ ጫካ አይደል እንዴ? ምን ታካብዳላችሁ!» ይላል። ጉዞውን ልተወው ወይስ መላ አለው? ሳይገዙ ገብቶ ሽንት ቤት መጠየቅስ ነውር አይሆንም?

ጨንቋት የጻፈች፣ ከበርሚንግሃም

እህቴ፣

ጉዞውን አትተዪው፣ መላ አለው። አካሄድሽን ብቻ ገልብጪው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጎበኘውን ቦታ ይመርጥና ሽንት ሲይዘው ሽንት ቤት መፈለግ ይጀምራል። አንቺ ሽንት ቤቶቹን አስቀድመሽ ምረጪ። ሐይቁ እንደሆነ የትም አይሄድም።

ከሁሉ በፊት የውሃውን ጉዳይ እንጨርስ። ስኳር ያለበት ሰው፣ በዚያ ላይ የሚያሸና ኪኒን እየዋጠ፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጣ ከዋለ ራሱን ያዞረዋል፣ ይወድቃል፣ ሌላም ጣጣ ይከተላል። የፈራውንም ነገር አያስቀርለትም። ውሃ ያነሰው ሽንት ፊኛን ስለሚያስቆጣ ጭራሽ ያጣድፋል። ይህን ለእናትሽ ቀስ ብለሽ አስረጃቸው። ብቻቸውን እንዳልሆኑም ንገሪያቸው። በ2019 ሮያል ሶሳይቲ ፎር ፐብሊክ ሄልዝ የተባለው የጤና ማኅበር ባወጣው ጥናት፣ ከተጠየቁት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሽንት ቤት አናገኝም ብለው ስለሚሰጉ ሆን ብለው ውሃ እንደሚቀንሱ ተናግረዋል። ከአምስት ሰው አንዱ ደግሞ በዚሁ ምክንያት የፈለገውን ያህል ከቤት አይወጣም። እንግሊዞቹም ያው ናቸው፤ አፍነው ይዘውት ነው እንጂ።

የኪኒኑን ሰዓት ለጉዞው ቀን ማዘዋወር ይቻል እንደሆነ ያዘዘላቸውን ሐኪም ጠይቂ። በራሳችሁ ግን እንዳትነኩት። የጾሙን ነገር ከሐኪሙና ከንስሐ አባታቸው ጋር ይመካከሩበት፤ እኔ እዚያ መሀል አልገባም።

የመንደሩ ሽንት ቤት መቆለፉ የእናንተ ዕድል ሆኖ አይደለም። በእንግሊዝ የአካባቢው ካውንስል የሕዝብ ሽንት ቤት የማቅረብ ግዴታ የለበትም። የ1936ቱ የሕዝብ ጤና ሕግ «መሥራት ትችላለህ» ይለዋል እንጂ «ሥራ» አይለውም። ስለዚህ ገንዘብ ሲያጥር ቶሎ ከሚዘጉት ነገሮች አንዱ ሽንት ቤት ነው። አንዳንዱን ትንንሾቹ የመንደር ምክር ቤቶች ተረክበው ይዘውታል። በ2021 በወጣ ሕግ ለብቻቸው የቆሙ የሕዝብ ሽንት ቤቶች ከንግድ ቤት ግብር ነፃ ስለሆኑ ትንሽ ተንፈስ ብለዋል። ቢሆንም ከፋሲካ እስከ ጥቅምት ብቻ የሚከፈቱ አሉ፤ ሲመሽ የሚቆለፉም አሉ። ቤቱ ቆሞ ስላየሽው ክፍት ነው ማለት አይደለም።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ። ከበርሚንግሃም ዊንደርሚር ወደ 150 ማይል ነው፤ አብዛኛው ኤም 6 በሚባለው ሞተርዌይ፣ ማለትም በፈጣኑ አውራ ጎዳና ላይ ነው። ይኼ ለእናትሽ በጣም ጥሩ ዜና ነው። ሞተርዌይ ላይ ያሉት ማረፊያዎች፣ እዚህ ሰርቪስ የሚሏቸው፣ ሽንት ቤታቸውን ሃያ አራት ሰዓት በነፃ ክፍት የማድረግ ግዴታ አለባቸው። ምንም መግዛት አይጠበቅብሽም። መኪና ማቆሚያውም ለሁለት ሰዓት በነፃ ነው። የመንግሥት መመሪያ በሰርቪስና በሰርቪስ መካከል ከ28 ማይል ወይም ከግማሽ ሰዓት መንገድ በላይ እንዳይሆን ይፈልጋል፤ ኤም 6 ደግሞ በዚህ አይታማም። እኔ ብሆን ስታፎርድ ወይም ኪል፣ ቀጥሎ ቻርኖክ ሪቻርድ፣ በመጨረሻ በርተን ኢን ኬንዳል ብዬ ሦስት ቦታ ምልክት አደርግ ነበር። በርተን ኢን ኬንዳልን እንዳታልፊው። ወደ ሐይቆቹ የሚያስወጣሽ 36ኛው መውጫ ከመድረሱ በፊት ያለ የመጨረሻው ማረፊያ ነው።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። በርተን ኢን ኬንዳል ወደ ሰሜን ለሚሄድ ብቻ ነው የተሠራው። ስትመለሺ አታገኚውም። ከ36ኛው ገብተሽ ወደ ደቡብ ስትነጂ የመጀመሪያው ሰርቪስ ላንካስተር ነው፤ ከዚያ በፊት ምንም የለም። ስለዚህ ሐይቁን ለቃችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ሁላችሁም ግቡ። «ሁላችሁም» ያልኩት አውቄ ነው፣ እመለስበታለሁ።

ከሞተርዌይ ስትወጪ ነው ፈተናው የሚጀምረው። ስልክሽ ላይ «ግሬት ብሪቲሽ ፐብሊክ ቶይሌት ማፕ» የሚባለውን ካርታ ክፈቺ። ነፃ የሆነውን፣ ለአካል ጉዳተኛ የሚመቸውን፣ በልዩ ቁልፍ የሚከፈተውን ለይቶ ያሳይሻል። መረጃውን የሚያዋጣው ግን ተራው ሰው ነው፤ የተዘጋ ቤት ክፍት ተብሎ ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ለአንድ ቦታ ሁለት ምርጫ ያዢ። ሌላው ደግሞ ሸለቆ ውስጥ ስትገቢ ኔትዎርክ ይጠፋል። ቤት እያለሽ ካርታውን ስክሪንሾት አድርጊው። ወረቀት ካርታ የምትወጂ ከሆነ ኦርድናንስ ሰርቬይ የሚያትመው፣ ላንድሬንጀር የሚባለው ሮዝ ሽፋን ያለው ካርታ፣ በገጠር ያሉትን የሕዝብ ሽንት ቤቶች በ«ፒሲ» ሁለት ፊደላት ያመለክታል። ባትሪ አይጨርስም።

ዊንደርሚር ከተማ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ቡዝስ የሚባል ሱፐርማርኬት አለ፤ ካፌም አለው። ከዊንደርሚር ወደ አምብልሳይድ በሚወስደው መንገድ ላይ ብሮክሆል የሚባለው፣ ሐይቁ ያለበት ብሔራዊ ፓርክ የጎብኚዎች ማዕከል አለ። ግቢው መግቢያ አያስከፍልም፤ የምትከፍይው ለመኪና ማቆሚያው ነው። ሽንት ቤት አለው፣ ሻይ አለው፣ ሣሩ ላይ ቁጭ ብለው ሐይቁን የሚያዩበት ቦታ አለው። እናትሽ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ እኔ ቀኑን ሙሉ እዚያው አውላቸው ነበር። ነሐሴ ላይ ግን ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ሰዉ ይግተለተላል፤ የሴቶች ሰልፍ ደግሞ ታውቂዋለሽ። ጠዋት ድረሱ። በጀልባ መሄድ ካማራችሁ ላዩ ላይ ሽንት ቤት እንዳለው ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት ጠይቂ።

በሌላ ጊዜ ሌላ መንደር ስትሄጂም የሚሠራ ነገር ልንገርሽ። ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ማለትም ቴስኮ፣ ሞሪሰንስ፣ አዝዳ፣ ሴንስበሪስ አብዛኛውን ጊዜ ለደንበኛ ሽንት ቤት አላቸው። ኤክስፕረስ ወይም ሎካል የሚል የተጻፈባቸው ትንንሾቹ ጋ አትድከሚ፣ የላቸውም። እሑድ ከሆነ ተጠንቀቂ፤ በሕጉ ትልልቅ ሱቆች እሑድ ከስድስት ሰዓት በላይ መሥራት አይችሉም። በእንግሊዝ አቆጣጠር ከጠዋቱ አሥር ሰዓት በፊት ተቆልፈው ነው የምታገኚያቸው። እናትሽ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስለማይቀሩ ለማንኛውም ቅዳሜ ሂዱ።

ከሁሉም የምወደው ግን ጋርደን ሴንተር ነው። አበባና ችግኝ የሚሸጥበት ቦታ። ከከተማ ወጣ እንዳልሽ መንገድ ዳር ምልክቱን ታይዋለሽ። ደረጃ የለውም፣ መኪና ማቆሚያው ሰፊ ነው፣ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ካፌና ንጹሕ ሽንት ቤት አለው። ጡረተኛ እንግሊዛዊ ሁሉ ቀኑን የሚገፋው እዚያ ነው። እናትሽም «ይኼ ጤና አዳም ነው?» እያሉ ቅጠሉን ሲያሸቱ ለምን እንደቆማችሁ እንኳ ይረሱታል። ናሽናል ትረስት የሚባለው ማኅበር የሚያስተዳድራቸው ቦታዎችም ጥሩ ናቸው፤ አንዳንዴ ግን ሽንት ቤቱ ከትኬት መቁረጫው ወዲያ ማዶ ስለሚሆን ቀድመሽ እዪ።

ስለ መጠጥ ቤቱ ጠይቀሻል። የእንግሊዝ ገጠር ፐብ እናትሽ የሚያውቁት ዓይነት መሸታ ቤት አይደለም። እሑድ ምሳ አያትና የልጅ ልጅ አብረው የሚበሉበት ቤት ነው። ይህን ንገሪያቸው፤ ካልፈለጉ ግን አትጫኛቸው። ቲሩም የሚባለው ሻይ ቤት ይሻላቸዋል። ጥቁር ሻይ ለጾምም ይሆናል። ፐብ ራሱም ሁልጊዜ ክፍት አይደለም፤ በየመንደሩ ከምሳ በኋላ ዘግቶ ወደ ማታ የሚከፍት ብዙ ነው።

ሳይገዙ መጠየቅ ነውር ነወይ? ነውር አይደለም፣ ግን መብትም አይደለም። የሰው ንግድ ቤት ስለሆነ እምቢ ማለት ይችላል። በሩ ላይ «ካስተመርስ ኦንሊ» (ለደንበኛ ብቻ) የሚል ለጥፎ እንኳ ቢሆን ባንኮኒው ጋ ሄደሽ «ኤክስኪዩዝ ሚ፣ ኩድ ማይ ማዘር ዩዝ ዩር ቶይሌት፣ ፕሊዝ?» ብትዪ፣ እናት ይዞ ለጠየቀ ፊቱን የሚያዞር ብዙ አይገጥምሽም። ሹልክ ብሎ መግባት ነው የሚያስቀይማቸው። እሳቸው ሲገቡ አንቺ አንድ ሻይ እዘዢ፣ ጉዳዩ አለቀ። አንዳንድ ከተማ ደግሞ ካውንስሉ ከሱቆችና ከካፌዎች ጋር ተስማምቶ ማንም ሰው ሳይገዛ እንዲጠቀም ያደርጋል፤ መስኮቱ ላይ ምልክት ይለጠፋል። እዚያ መጠየቅም አያስፈልግ።

ሳንቲም አትርሺ። የ20 እና የ50 ሳንቲሞች መኪናው ውስጥ በትንሽ ዕቃ አስቀምጪ። አንዱ ቦታ ሳንቲም ብቻ ይላል፣ ሌላው ቦታ ካርድ ብቻ። ካርዱ ያንቺ ከሆነ ደግሞ እናትሽን በር ላይ አቁመሽ መኪና ልታቆሚ አትሂጂ።

አሁን ስለ ቁልፉ። በዚህ ሀገር በሺዎች የሚቆጠሩ የአካል ጉዳተኛ ሽንት ቤቶች በአንድ ዓይነት ቁልፍ ይከፈታሉ። ራዳር ኪ ይሉታል። ከ1981 ጀምሮ ያለ አሠራር ነው። ቁልፉ ራሱ ትልቅ ነው፤ ጣቱ የሚያመው ሰው እንዲይዘው ተብሎ ራሱ ሰፋ ተደርጓል። «እኔ ምን አካል ጉዳተኛ ነኝ» እንዳይሉሽ። ጉልበቱን የሚያመው፣ ስኳር ያለበት፣ በመድኃኒት ምክንያት ሽንት የሚያጣድፈው ሰውም የተሠራለት ነገር ነው። ውስጡ ሰፊ ነው፣ መቀመጫው ከፍ ያለ ነው፣ ለመነሳት የሚይዙት ብረት በግራና በቀኝ አለው። አንቺም አብረሽ ገብተሽ ልትደግፊያቸው ትችያለሽ።

እዚያ ውስጥ ግን አንድ ጉድ አለ። ከጣሪያው እስከ ወለሉ ድረስ የሚንጠለጠል ቀይ ገመድ ታያላችሁ። ከሀገር ቤት የመጣ እንግዳ ውሃ መልቀቂያ ይመስለውና ይስበዋል። ወይም መብራት ማብሪያ ይመስለዋል፤ እዚህ መብራትም በገመድ የሚበራበት ቤት ስላለ አይፈረድበትም። ቀዩ ገመድ ግን የድረሱልኝ ጥሪ ነው። ሲሳብ ደወሉ ይጮኻል፣ ሠራተኛ እየሮጠ መጥቶ በሩን ያንኳኳል። እናትሽ እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰባቸው ሁለተኛ ከቤት አይወጡልሽም። አስቀድመሽ አሳያቸው። «ቀዩን አይንኩ፤ ከወደቁ ብቻ ይሳቡት» በያቸው። በስህተት ከተሳበ ግድግዳው ላይ ማጥፊያ ቁልፍ አለ። ገመዱን ለሥርዓት ብሎ ጠቅልሎ ከፍ አድርጎ የሚያስረውም አለ፤ ተጠቅልሎ ካየሽው ፍቺው፣ የወደቀ ሰው መሬት ላይ ሆኖ እንዲደርስበት ነው እስከ ታች የወረደው።

በባቡር የምትሄዱ ከሆነ በርሚንግሃም ኒው ስትሪት ጣቢያ ያለው ሽንት ቤት በነፃ ነው፤ ኔትወርክ ሬይል የተባለው የባቡር ድርጅት የሚያስተዳድራቸው ጣቢያዎች ከ2019 ጀምሮ አያስከፍሉም። ባቡሩ ውስጥ ያለው ትልቁ ሽንት ቤት በሩ በኤሌክትሪክ ነው የሚንሸራተተው። አንዱ ቁልፍ ይዘጋል፣ ሌላው ይቆልፋል። ብዙ ሰው መዝጊያውን ተጭኖ የተቆለፈ ይመስለዋል። ከዚያ ቀጣዩ ሰው ከውጭ ሲጫን በሩ በዝግታ ይከፈታል... የቀረውን አልነግርሽም። አብረሻቸው ግቢ ወይም በሩ ላይ ቁሚ።

ወንድምሽ ስለ ጫካው ያለውን ሰምቻለሁ። ሀገር ቤት አውቶቡስ ቆሞ «ወንዶች በዚህ፣ ሴቶች በዚያ» ሲባል አድጎ ይሆናል። የእንግሊዝ ገጠር መንገድ ግን ጠባብ ነው። በግራና በቀኝ ቁጥቋጦ አጥር ወይም የድንጋይ ካብ ተጭኖታል፤ መኪና ጥግ የሚያስይዙበት የለውም። ከአጥሩ ማዶ ያለው የሰው ማሳ ነው፣ ላሞቹም አሉ። ሞተርዌይ ዳር ደግሞ ለአደጋ ካልሆነ መቆም በሕግ ክልክል ነው። ይህ ሁሉ ቀርቶ ጉልበቱን የሚያመው ሰው እንዴት አድርጎ ይቀመጥና ይነሳ? ወንድምሽ ለራሱ ይሞክረው።

የባሰ ቀን ሲመጣ የሚሆን አንድ ነገር ግን አለ። ፈሳሹን ወደ ጄል የሚቀይር ዱቄት ያለበት ከረጢት የካምፕ ዕቃ የሚሸጥበት ቤትም ኦንላይንም ይገኛል። አይፈስም፣ አይሸትም፣ አሥረሽ ቆሻሻ ውስጥ ትጥይዋለሽ። መንገድ ተዘግቶ ለሁለት ሰዓት መኪና ውስጥ ብትቀሩ ሌላው ወርዶ ይቆማል፣ የእናትሽ ጋቢ መስኮቱ ላይ ይጋረዳል። ከሱ ጋር ሶፍት፣ የእጅ ማጽጃና መለወጫ ልብስ በአንድ ቦርሳ ያዢ። በውሃ መታጠብ የለመዱ ከሆነም ውሃ የሞላ አንድ ሃይላንድ ጨምሪበት፤ እዚህ ከወረቀት በቀር ምንም አያገኙም።

«ሁላችሁም» ወዳልኩት ልመለስ። እናትሽን ዝም ያሰኛቸው ከሽንቱ ይልቅ መጠየቁ ይመስለኛል። በወንድ ልጃቸው ፊት «ደጅ ልውጣ» ማለት፣ በሳቸው ምክንያት መኪናው ሲቆም ማየት። ስለዚህ «እማዬ፣ ሽንትሽ መጣ?» እያልሽ በየሰዓቱ አትጠይቂያቸው። መኪናው በቆመበት ሁሉ ሰው ሁሉ ይውረድ። ሹፌሩም፣ ልጆችም፣ ያልመጣበትም። አንቺ «እኔ ልግባ፣ ነይ አብረን» በይ። ከስድስት ጊዜ አምስቱ አንቺ እንደጠየቅሽ ሆኖ ይለፍ። ወንድምሽንም አስቀድመሽ ምከሪው፤ «ገና አሁን አይደል እንዴ የቆምነው?» የምትል ቃል ከአፉ እንዳትወጣ። ለመንገዱ ውሃ ስትይዢም በየመሀሉ እየተጎነጨሽ ለሳቸውም አቀብያቸው።

ቁልፉን ዛሬውኑ እዘዢ። ዲስአቢሊቲ ራይትስ ዩኬ የተባለው ድርጅት ይሸጠዋል፤ አንዳንድ ካውንስሎችም ይሰጣሉ። ዋጋው ጥቂት ፓውንድ ነው። ኦንላይን ላይ ረከስ ያለ ቅጂ ይሸጣል፤ ሁሉም በር ላይ ስለማይሠራ አትግዢው። በፖስታ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ቅዳሜውን ከመቁረጥሽ በፊት እጅሽ መግባቱን አረጋግጪ። ሲደርስሽ እዚያው በርሚንግሃም ከቤታችሁ አጠገብ ያለ አንድ በር ላይ ይዘሻቸው ሂጂና እሳቸው ራሳቸው ይክፈቱበት።